ከሥጋው በላይ የሰቀልኩት መብራት

ነገሩ የሚመለከተን አራት ሰዎች ነን። እኔ፣ ካዛንቺስ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ሥጋ ቤት ባለቤት፤ ሆቴል ወጥ ቤት የምትሠራው ልጄ፤ ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ የሠራው ሥጋ ቆራጭ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ዘንድ ግማሽ ኪሎ ቁርጥ የሚበሉ ጡረተኛ ሹፌር።

የዝንብ መግደያውን መብራት የገዛችው ልጄ ናት። ሰማያዊ ብርሃን አለው፤ ዝንብ ሲነካው ጧ አድርጎ ያቃጥላል።

"አባዬ፣ ከሥጋው አርቀህ ከኋላ ግድግዳ ላይ ስቀለው። የተቃጠለው ይረግፋል" አለችኝ።

"ወጥመድ የሚጠመደው አውሬው በሚያልፍበት ነው" አልኳት። የኤሌክትሪክ ሥራን ማንም ሳያስተምረኝ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ከልጅ ምክር መቀበል አልለመድኩም። ደግሞም ሥጋ ቤት መብራቱን የሚሰቅለው ከፊት፣ መንገደኛ እንዲያየው ነው። እኔም ከቀዩ መብራት ጎን፣ ከተንጠለጠለው ሽንጥ በላይ ሰቀልኩት።

ቆራጩ ቀና ብሎ አየና "ጋሼ፣ ዝንቡን እኮ ወደ ሥጋው ጠራነው" አለ።

"አንተ ቢላህን ያዝ" አልኩት።

ጾም በተፈታ በመጀመሪያው ቅዳሜ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሹፌሩ መብላታቸውን አቁመው ከሥጋው ላይ አንድ ነገር በጣታቸው አነሱ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የበርበሬ ገለባ ነው" አልኩ። አይቼዋለሁ፤ ክንፍ ነው።

"ወዳጄ፣ የካዛንቺስ በርበሬ መብረር ጀመረ እንዴ?"

ሰው ሳቀ። ያናደደኝ ሳቁ ነው። ወደ ቆራጩ ዞሬ፣ ሁሉም እየሰማ፣ "ጠረጴዛውን ጥረግ ብዬህ አልነበረም?" አልኩት። ጠርጎታል። ወደ መብራቱ አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ።

"እርስዎ ያውቃሉ" አለ።

"ካላማረህ በሩ ክፍት ነው።"

ሽርጡን ፈታ፣ አጠፈው፣ ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጦ ወጣ።

ልጄን ሐሰት አትናገሪ እያልኩ ነው ያሳደግኳት። በዚያ ቀን ሁለት ሐሰት ተናገርኩ፤ አንዱን ለደንበኛ፣ ሌላውን በሠራተኛዬ ላይ። ሰው ስሕተቱን ለማመን የሚያፍረውን ያህል ለመዋሸት አያፍርም። ይህን ስጽፍ የሚሰማኝ ነገር የለም፤ እውነት መሆኑን ብቻ አውቃለሁ።

በማግስቱ ልጄ መብራቱን አውርዳ ከኋላ፣ እጅ መታጠቢያው ዘንድ ሰቀለችው። በሳምንቱ ዝንቡ ቀነሰ።

ከወር ተኩል በኋላ ሥጋ ላስጭን ቄራ ሄጄ ቆራጩን አገኘሁት። ያለ ሥራ ከርሞ ሌላ ሥጋ ቤት የተቀጠረው ገና በዚያ ሳምንት ነው። ይቅርታ ልለው አስቤ "ተመለስ" አልኩት።

"መብራቱ ወረደ፣ ጋሼ?"

"ወረደ።"

"ጥሩ ነው" አለና ወደ ሥራው ዞረ።

ልጄ ለመብራቱ አምስት ሺህ ስምንት መቶ ብር አወጣች። ቆራጩ ያለ ሥራ በቆየበት ጊዜ ያጣው ደመወዝ አሥራ ሁለት ሺህ ነው። እኔ ለሹፌሩ የበሉበትን ሰባት መቶ መለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጡም። በድምሩ አሥራ ስምንት ሺህ አምስት መቶ ብር። ከዚህ ውስጥ ከእኔ ኪስ የወጣው ሰባት መቶው ነው።