የጋሽ አንጁሎ አውራ ጣት

ከጠዋት ጀምሮ ስልኬን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት። መልእክቱ ያው ነው። ጋሽ አንጁሎ አርፏል።

ትናንት እኮ አይቼዋለሁ! ወደ ሴቻ በሚወጣ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ፣ ግማሽ አካሉን አውጥቶ "አንተ፣ የት ጠፋህ?" ብሎ ጮኸብኝ። "ነገ እመጣለሁ" አልኩት። ነገ የተባለው ዛሬ ነው።

ቁጭ ማለት አቃተኝ። እሱ ወርክሾፕ ድረስ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። ዝግ ነው።

ለማታውቁት፣ ጋሽ አንጁሎ ሲቀላ ሰፈር ብረት የሚቀርጽበት ቶርኖ ቤት ነበረው። የገረሴ ሰው ነው። "የደጋ ሰው ከዓሣ ጋር ምን አገናኘው?" እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱን ያሳበደው ግን ዓሣው ሳይሆን ሪሉ ነው። የመንጠቆውን ክር የሚጠቀልለው፣ ያ የድሮው፣ ሲወረወር ክሩን በአውራ ጣት እየገቱ የሚለቁት። ፈረንጆች ጫሞ ሐይቅ ላይ ሰብረው የተዉትን ከጀልባ ሠራተኞች ይገዛል። አዲስ አበባ ከሄደ የምናለሽ ተራን አሮጌ ዕቃ ሳያስስ አይመለስም። የሪሉን ያለቀ ጥርስ ከነሐስ ቆርጦ ይተካል፣ እጀታውን ከበሬ ቀንድ ይሠራል፣ ከዚያ ጆሮው ሥር አድርጎ ያሽከረክረዋል።

"ስማው! የማይዞር ይዝጋል።"

ስለ ሰውም እንደዚያው ነበር የሚለው። እሱ ራሱ ሻይ እንኳን ቆሞ ነው የሚጠጣው።

አሁን ለዓመታት የደበቅኩትን ልናገር።

እኔ በያጅ ነኝ፤ ያኔ ቤቴ ከቶርኖ ቤቱ አጠገብ ነበር። አንድ ቀን እሱ በሌለበት በማሽኑ የበር ማጠፊያ ስቆርጥ መብራት ጠፋ። ማብሪያውን ሳላጠፋ ምሳ ሄድኩ። ጋሽ አንጁሎ መጥቶ ማሽኑን እያጸዳ ሳለ መብራት መጣ። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ተቆረጠ።

ሆስፒታል ስደርስ ለጠየቀው ሁሉ "እኔው ነኝ የረሳሁት" ይላል። እኔም ዝም አልኩ።

ያለ አውራ ጣት ያንን ሪል መወርወር አይቻልም፤ ክሩ ይተበተባል። ወራት ሙሉ መደርደሪያው ፊት ይቆማል። አንዱን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ይወጣል፣ ይመለሳል። እኔ በአጥር ቀዳዳ አየዋለሁ።

አንድ ጠዋት ደጄ ላይ ቆመ። እጁ ላይ ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ ሥዕል።

"ና። ሞረድ መያዝ አቅቶኛል። አንተ ትሞርዳለህ።"

ክሩን በአውራ ጣት ፈንታ በመዳፍ የሚገታ ማንሻ ነው ያሰበው። የመጀመሪያው ከመጠን በላይ ጠብቆ ክሩን አልለቅ አለ። ሁለተኛው ላይ የለጠፍነው ቆዳ ውኃ ሲነካው ተንሸራተተ። ሦስተኛውን ይዘን ጫሞ ወረድን።

ወረወረ፣ ተበተበ። ደግሞ ወረወረ፣ ተበተበ። ጀልባው ውስጥ ቁጭ ብዬ ክሩን መፍታት ጀመርኩ።

"ጋሽ አንጁሎ፣ ያን ቀን ማብሪያውን..."

"አውቃለሁ" አለኝ ሳይዞር። "ማሽኑ ላይ የነበረው ያንተ ማጠፊያ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?"

"ብናገር ሰፈሩን ለቀህ ትጠፋለህ። ማን ይሞርድልኛል? በል፣ ፍታው!"

ፈታሁት። ወረወረ። ክሩ ጥርት ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ ከጉማሬዎቹ ማዶ ጠብ አለ። ዓሣ አልያዝንም። እሱ ግን እየዘለለ ጀልባውን ሊገለብጠው ነበር፤ ባለጀልባው "ኧረ በፈጠራችሁ!" እያለ ይለምነናል።

ጋሽ አንጁሎ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ "ዕረፍ" እያለህ ነው። እኔ ይህን ልልህ አልችልም፤ ስታርፍ አይቼህ አላውቅም። የምለው ያኔ ጀልባ ላይ ጀምሬ ያላስጨረስከኝን ነው፣ አሁን በሰው ፊት።

ይቅር በለኝ። ደህና ሂድ፣ ጋሼ።