የቻይናው ንጉሥ እንዴት ይወርዳል?

እዚህ በስደት በምንኖርበት አገር፣ ከታራዴል ሰፈር እስከ ኤርድሪ ከተማ ቢፈለግ፣ እንደ እኔ ከፍታ የማይፈራ ሐበሻ አይገኝም። ባለፈው ቅዳሜ በልጄ ልደት ላይ፣ ልጆች በገመድ ታስረው በሚወጡበት የመጫወቻ ግድግዳ ሥር ቆሜ ይህንኑ ለጓደኞቿ ሁሉ ለፈፍኩ። ከዚያ ወጣሁና ተጣበቅሁ። ወደ ላይ አልሆነም፤ ወደ ታችማ አይታሰብም።

እጄን እንዳያልበኝ የተቀባሁት ነጭ ዱቄት ጠመኔ ጠመኔ ሸተተኝ። ወዲያው የታሪክ አስተማሪያችን ጋሼ መኮንን ፊቴ ድቅን አሉ። ኮታቸው በጠመኔ ነጥቶ፣ ሰሌዳው ላይ ታይ የሚባለውን ተራራ ስለዋል።

"የጥንት የቻይና ንጉሠ ነገሥት እዚህ ወጥቶ መሥዋዕት የሚያቀርበው፣ 'ሥልጣኑን የሰጠኸኝ አንተ ነህ፤ አገሩንም ሰላም አድርጌዋለሁ' ብሎ ለሰማይ ለማስታወቅ ነው" አሉን።

"ጋሼ፣ ከዚያስ እንዴት ይወርዳል?" አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

እሳቸው አልሳቁም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመሪያችንን ፎቶ አየት አደረጉና፣ "ጭንቁ እሱ ነው። ሁሉ ሰላም ነው ብሎ የፎከረ ሰው በምን አፉ አውርዱኝ ይላል?" አሉ። ከዚያ ሄደው መስኮቱን ዘጉ። ለምን እንደዘጉት ያኔ አልገባኝም።

ልጄ ከሥር "ዳዲ፣ ጀስት ሌት ጎ! ልቀቀው፣ ገመዱ ይይዝሃል" ብላ ጮኸች።

"ቆይ፣ ቪው እያየሁ ነው!" አልኳት።

እውነቱን ልናገር፤ ዓይኔን ጨፍኜ እያለቀስኩ ነበር። ያወረደችኝም እሷው ናት፣ መሬት ላይ እንደቆመች እግሬን ከነጫማው ይዛ።