በማለዳ የገባ የምሥራች

ምሥራች ይዤ ብልባላ የገባሁባት ማለዳ ትረገም!

አባቴ የአንጀት ካንሰር ዕጢ ከወጣላቸው በኋላ እኔው ጋ ላሊበላ ነበሩ። በሽታው ይመለስ እንደሆነ ለማወቅ የዕጢው ዘረመል ተመርምሮ ውጤቱ ጥሩ ሆነ። ስለዚህ ከሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶቼ ጋር በጠዋት መኪና ወደ አገራቸው ወሰድናቸው። እሳቸው "ሳልሳለም ቤት አልገባም" ብለው ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ቀሩ።

አክስቴ በር ላይ ነበረች። በማለዳ ከሽማግሌ ጋር የሚመጣ ሰው ደግሞ መርዶ ነጋሪ ነው። "ወንድሜን!" ብላ ጮኸች፤ ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሽማግሌዎቹ "ተይ፣ ተረጋጊ" ማለታቸው ጭራሽ አባሰው።

"ኧረ ደህና ናቸው፣ ከኋላ እየመጡ ነው!" አልኩ።

"አስከሬኑ ከኋላ ነው!" ብላ ደረቷን ትደቃ ጀመር።

ቢቸግረኝ ወረቀቱን አውጥቼ "ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ አነስተኛ ነው ይላል!" ብዬ አነበብኩላት።

"እሱ ከሞተ ወዲያ ካንሰሩ ማን አለኝ ብሎ ይመለሳል!"

ድምፄ እስኪዘጋ ብጮህ ሰሚ አጣሁ። ድንገት ከኋላዬ የሁሉንም ለቅሶ የሚያስንቅ ለቅሶ ተሰማ። ዞር ስል አባቴ ናቸው። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው እንባቸውን ያወርዱታል።

"ልጄ፣ ማን ነው የሞተብን?"