ደሜ የዋሸ ጊዜ

ሁለተኛው ፅንስ ሲወርድብኝ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ጎረቤቴ የሰው ዓይን ነው አለች። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ከባድ ነገር አንስተሽ ይሆናል አሉ። የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ደግሞ ከስብሰባ እየቀረሽ ነው ማለት ብቻ ነበር የቀራት። እኔ ያን ጊዜ ናዝሬት ውስጥ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ባለቤቴ የመንግሥት የጭነት መኪና፣ ኤንትሬ ከነተሳቢው፣ የሚነዳ ሾፌር ነበር፤ አንድ ሰሞን አሰብ፣ ሌላ ሰሞን እህል ሊጭን አርሲ ነገሌ። ሁለቱም ፅንሶች የሄዱት ሆዴ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ማወቅ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ለዚህ ያለቀስኩትን ያኔ አልቅሼ ስለጨረስኩ፣ አሁን ደረቅ ብዬ ብጽፈው አንባቢ አይፍረድብኝ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ደም ሰጠሁ። ውጤቱን ልወስድ ስመለስ ነርሷ በሩን ዘጋችና ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«እህቴ፣ ደምሽ ላይ ቂጥኝ ታይቷል። አትደንግጪ፣ መድኃኒት አለው። ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ቂጥኝ ያኔ በሽታ ብቻ አልነበረም፤ ስድብም ነበር። ተማሪዎቼ በእረፍት ሰዓት ሲሰዳደቡ «ቂጥኛም!» የሚል ከሰማሁ ጆሮ የምቆነጥጠው እኔ ነበርኩ። ከጤና ጣቢያው ወጥቼ በጋሪዎቹ መሐል ስሄድ ማን ጆሮዬን እንደሚቆነጥጥ አስብ ነበር። በሽታው ከየት መጣ ብዬ ግን ብዙ አልተጨነቅኩም። ራሴን አውቃለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ ሾፌር ነው። ናዝሬት ውስጥ ሾፌር ያገባች ሴት ይህን ነገር ገና ሽማግሌ ሲላክባት ዋጥ ታደርገዋለች።

ከአሰብ ሲመለስ እግሩን ሳይታጠብ ነገርኩት። እሱም ሳልጠይቀው ነገረኝ። በአሰብ መንገድ፣ ሚሌ ላይ ሻይ ቤት ያላት ሴት አለች አለ። ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሲያልፍ እሷ ዘንድ ያድራል። ትንሽ ልጅ አለቻት፣ ልጅቷ ብርቱካን ስለምትወድ ከዚህ ሲወጣ በኬሻ ይዞላት ይሄዳል። ኬሻውን ስንቴ ከጋቢናው ውስጥ አይቼዋለሁ፤ በረሃ ነው፣ ውሃ ጥም ይይዘዋል ብዬ ራሴ መርጬ የገዛሁለት ጊዜ ሁሉ ነበር። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለና «ልጆቻችንን የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አለ። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ልቆጣ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቁጣዬን የማስቀምጥበት ቦታ ጠፋኝ።

ፔኒሲሊኑን አብረን ተወጋን። መርፌው የሚወጋው መቀመጫ ላይ ስለሆነ ከጤና ጣቢያው የምንወጣው ሁለታችንም እያነከስን ነው። በአንድ ጎን የሚያነክሱ ባልና ሚስት መንገድ ላይ ሲያልፉ ሰው ሰላም ይላል፣ ዞር ብሎም ያያል። «ኳስ ስንጫወት ነው» ይላቸው ነበር ባለቤቴ፣ እኔም እስቅ ነበር። የአሰቡን መስመር ለጓደኛው ለቀቀ። አርሲ ነገሌ ደርሶ በማግሥቱ ይመለስና ልብስ ያጥባል፤ የእኔን ቀሚስ ግቢው መሐል ያሰጣል። ጎረቤቶቹ «ሾፌሩ ረዳት ሆነ» ብለው ሲቀልዱበት ግድም አልሰጠው። እውነቱን ልናገርና፣ ከትዳራችን ዘመን ሁሉ የሚሻለኝ ያ ሰሞን ነው። የምንደባበቀው ነገር አልነበረንም። ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም፤ ግን ሸሚዙን እንደ ድሮው መተኮስ ጀመርኩ፤ እሱም ገብቶታል።

ነገሩ የተበላሸው በደም ነው። መርፌውን ስንጀምር እሱም ደም ሰጥቶ ነበር፤ ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ መጣ። ነርሷ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ «አንዳንዴ ይዘገያል» አለች። ወራት አልፈው የእኔ ደም እንደገና ሲታይ ግን አሁንም ቂጥኝ አለ። ነርሷ መጀመሪያ ቀን ያሳየችኝ ፊት አልነበራትም። መርፌሽን በትክክል ጨርሰሻል፣ አለች፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አድርጋ፣ ከባለቤትሽ ሌላ የምታገኚው ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበር። የለም አልኩ። እሱ ተነሥቶ ቀድሞኝ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲያ እኔን ማናገሩንና ልብስ ማጠቡን ተወ፤ ከዚያም የአሰብ መስመር ናፈቀው።

አጎቱ ከሁሩታ መጡ። እኔን ከአባቴ የጠየቁት ዋናው ሽማግሌ እሳቸው ነበሩ፣ ስለዚህ ትዳራችንን እንደ ራሳቸው ማሳ ያዩታል፤ አረም በቅሏል ሲባሉ ዝም አይሉም። ክፉ ሰው አይደሉም። የመጡት ሊያባርሩኝ ሳይሆን ሊያድኑኝ ነበር።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «መርፌ የትናንት ነው። ይህን በሽታ አባቶቻችን ያሸነፉት በፍል ውሃ ነው። ከውሃው ወጥተሽ ፀሐይ ላይ ትተኛለሽ፣ መርዙን መጦ ያወጣዋል።»

«እሺ አባባ፣ እርስዎ ካሉ» አልኩ። ምን ልበል? ደሜ እየመሰከረብኝ በምን አፌ እከራከራለሁ?

ትምህርት ለእረፍት ሲዘጋ ሶደሬ ወሰዱን። ጠዋት ጠዋት ከሚያቃጥለው ውሃ ውስጥ እገባለሁ፣ ከዚያ እንደ ልብስ አለት ላይ እሰጣለሁ። ዝንጀሮዎቹ እንኳ ጥላ ፈልገው ሲሄዱ እኔ እዚያው ነኝ። ጥቂት ቀን እንደቆየሁ ጉንጮቼ ቀሉ፣ ቅላቱ በአፍንጫዬ ላይ ተሻግሮ ተገናኘ። ከዚያ ትኩሳት መጣ። ጣቶቼ አብጠው የነጠላዬን ጫፍ መያዝ አቃተኝ። አጎቱ ፊቴን አገላብጠው አዩና ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

«ይኸው እየወጣ ነው! ሳይደግስ አይጣላም!»

እየወጣ ነው ተብሎ ተጨማሪ ሳምንት አስተኙኝ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን አለቱ ላይ ተንጋልዬ በእውነት አምኜ ነበር። የማላውቀው ኃጢአት ከፊቴ ላይ እየተነቀለ ነው፣ ሲያልቅ ባሌ ያናግረኛል ብዬ ነበር።

መቆም ሲያቅተኝ ባለቤቴ በኤንትሬው ጋቢና ጭኖ አዲስ አበባ ወሰደኝ። ሞጆንና ደብረ ዘይትን ሳንነጋገር አለፍን። ዱከም ላይ አቁሞ ሻይ አመጣልኝ፤ ብርጭቆውን መያዝ ስላቃተኝ እሱ ያዘልኝ። ለዚያ ሻይ ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያየኝ ሐኪም ስለ ባል ምንም አልጠየቀኝም። ጠዋት ስትነሺ መገጣጠሚያሽ ይታሰራል ወይ አለኝ። ፀጉርሽ ይረግፋል ወይ፣ ቆዳሽ ፀሐይ ይጠላል ወይ፣ የወረዱት ፅንሶች ስንት ወር ሆኗቸው ነበር አለኝ። ደም ወስዶ ሌላ ዓይነት ምርመራ አዘዘ። ውጤቱ ሲመጣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አስረዳኝ። ጤና ጣቢያ ያደረጉልሽ ምርመራ ተውሳኩን ራሱን አያይም አለ፤ የሚያየው ቂጥኝ ሲገባ ሰውነት የሚያመነጨውን ነገር ነው። ያንን ነገር ያንቺ ደም ያለ ቂጥኝም ያመነጨዋል። ስለዚህ ምርመራው አለ ይላል፣ በሽታው ግን የለም። ያለብሽ ሉፐስ የሚባል ሌላ በሽታ ነው።

«ሰውነት ዘበኛ አለው» አለኝ። «ሥራው ሌባ መያዝ ነው። ያንቺ ዘበኛ የቤቱን ሰው ከሌባ መለየት አቅቶታል፤ ያገኘውን ሁሉ ያስራል።» ይህን ብሎ ወደ በሩ ተመለከተና ድምፁን ቀነሰ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ምሳሌ ማንም በቀላሉ ይገባው ነበር።

ሕመሙ የሚታገሡት እንጂ የሚነቀል አይደለም አለኝ። ፀሐይ ክልክል ነው። ሌላ ፅንስ ቢመጣ እንደገና ሊወርድ ይችላል፤ የፊተኞቹም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ካዘዘልኝ መድኃኒት አንዱ የወባ ኪኒን ነበር፤ ለዚህም ይጠቅማል አለ። ይህ ቢያንስ ውለታ ሆነልኝ፤ ናዝሬት ውስጥ የወባ ኪኒን የምትውጥን ሴት ምን ሆነሻል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከዚያ ባለቤቴ ተጠራ። ሐኪሙ ሚስትህ ቂጥኝ የለባትም፣ ኖሮባትም አያውቅም አለው።

«ታዲያ ፅንሶቹ... እኔ አይደለሁም?»

«አንተ አይደለህም።»

ባለቤቴ የሐኪሙን እጅ ይዞ ሳመ። ሳቀ። ከእስር እንደተፈታ ሰው ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ፣ ግንባሬን ሳመኝ፣ ደግሞ ሳቀ። ታዲያ እሷ ምን ሆና ነው ብሎ አልጠየቀም። በዚያች ደቂቃ ጠላሁት። የሚሌዋን ሴት ሲነግረኝ ያልጠላሁትን ሰው ሲስቅ ጠላሁት።

ስንመለስ ሙሉውን መንገድ አፉን አላሳረፈም። እኔ ሻሼን ፊቴ ላይ ጣልኩ።

ብዙ ሳይቆይ ባለቤቴ ሽማግሌ ይቀመጥ አለ፤ ሐሜቱ ሁሩታ ደርሶ ነበርና ስማችን ይጽዳ ነው ምክንያቱ። አጎቱ ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጡ፤ ቤታችን ከምሳ በኋላ ተሰበሰብን። አጎቱ ተነሥተው የእኔን ንጽሕና ተናገሩ፤ በእውነት አሳምረው ተናገሩ፣ ስለ ፍል ውሃውም ይቅርታ ጠየቁኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቀጠሉ።

«በሽታው ሐሰት ከሆነ፣ በበሽታው ምክንያት የተነገረ ሁሉ አብሮት ይውደቅ። ልጃችንም የሚለው አለው።»

ባለቤቴ እጁን አጣምሮ ቆመ። ያን ጊዜ ፈርቼ ነው አለ። በሽታው ከአንተ ነው የተባልኩ መስሎኝ ያልሆነውን ሆነ አልኩ አለ።

«ብርቱካኑስ?» አልኩት።

«የምን ብርቱካን?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ መሬት እያዩ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አሉ፤ ለእሱ ይሁን ለእኔ አላወቅኩም። እኔ ለአጎቱ ነው የተናገርኩት።

«አባባ፣ እኔ እኮ ይቅር ብዬዋለሁ። ልጆቼን የገደለ መስሎኝ እንኳ ይቅር ብዬዋለሁ። ያኔ ያለኝን እፊታችሁ አንዴ ይድገመው። ከዚያ ወዲህ አላነሣውም፣ አብሬው እኖራለሁ።»

ባለቤቴ እኔን አየኝ፤ ሊናገር የነበረ መሰለኝ፣ ከልቤም ለመንኩት። ከዚያ አጎቱን አየ።

«እኔ ሚሌ ላይ ሻይ እንኳ ጠጥቼ አላውቅም» አለ።

የአሰብ ሾፌር ነው ይህን የሚለው። አጎቱ ግን እፎይ ብለው «ይኸው፣ ሰማሽ አይደል?» አሉኝ።

ሰማሁ። «ይቅር ያልኩት እውነቱን የነገረኝን ሰውዬ ነው፤ ይሄኛውን አላውቀውም» ብዬ ተነሣሁና ነጠላዬን አንሥቼ እስከ በሩ ሄድኩ። ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። የናዝሬት ፀሐይ ግቢው ላይ ነጭ ሆኖ ተንጣሏል። ልሄድበት ያሰብኩት የእህቴ ቤት ሩቅ ነው፣ መንገዱም ጥላ የለውም። ተመለስኩና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

መቀመጤን እሺታ አደረጉት። አጎቱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ እጃቸውን ዘረጉና መረቁን፤ ቤታችሁ ይሙላ፣ ልጅ ይስጣችሁ፣ አንድ ላይ ያስረጃችሁ አሉን። ምርቃት አይቋረጥም። እኔም ከሁሉም ጋር አሜን አልኩ። ስለ ዘንድሮ ስንዴ ሲያወሩ አብሬያቸው ቆየሁ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ፤ ወደዚያ ቤት አልተመለስኩም።