ሐዋሳ ሆና የልቤን ምት ያየች ልጄ

መጀመሪያ የተሰማኝ መርካቶ ባለው ሱቄ የመጋረጃ ጣቃ ከመደርደሪያ ሳወርድ ነው። ልቤ አንዴ ዘለለ፤ ከዚያ ያለ ሥርዓት ይመታ ጀመር። ጣቃውን እንዳቀፍኩ ተቀመጥኩ። ሲተወኝ ተነስቼ ለደንበኛዬ ለካሁላት።

ሁለት ጊዜ ክሊኒክ ሄጄ ኢሲጂ፣ የልብ ምትን ወረቀት ላይ የሚያወጣውን ምርመራ፣ ተነሳሁ። ሁለቱንም ጊዜ «ጭንቀት ነው» ተባልኩ። ሕመሙ መርካቶ ይይዘኛል፣ ክሊኒክ ስደርስ ይለቀኛል። በመጨረሻ እኔም ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ።

ልጄ ሐያት ሐዋሳ ነርስ ናት። ለዒድ ስትመጣ ከዱባይ ተራ የልብ ምት የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ገዝታ አሰረችልኝ። ኔትወርክ ካለ ቁጥሩ በእኔ ስልክ አልፎ እሷ ስልክ ላይ ይታያል።

አንድ ረፋድ ደወለች።

«እማ፣ ምን እያነሳሽ ነው?»

«ምንም። ቁጭ ብያለሁ።»

«መቶ አርባ ስምንት ይላል። አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ፤ ሳይለቅሽ ኢሲጂ ያንሱሽ።»

መነሳት አቃተኝ። ላብ አጠመቀኝ። የጎን ሱቅ ጎረቤቴ ጋሽ ሸምሱ ሱቃቸውን ሳይዘጉ መጡ። እኛ ሱቆች ድረስ መኪና አይገባም። ዕቃ መጫኛ ጋሪ ላይ አስቀምጠው እስከ ታክሲው አስገፉኝ። የሚያውቀኝ ሁሉ ያያል። አፈርኩ። ፈራሁም።

ሆስፒታል እንደደረስኩ ኢሲጂ አነሱኝ፤ ሐኪሟ ወረቀቱን አየችው።

«ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባል የልብ ምት መዛባት ነው። ልብዎ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ከለቀቀዎት በኋላ ቢመጡ ኖሮ እኔም ደህና ነዎት ብዬ እልክዎት ነበር።»

ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ጀመርኩ፤ ደሜ ከልክ በላይ እንዳይቀጥን በየጊዜው አይኤንአር የሚባለውን የደም ምርመራ እያደረግኩ፣ ምቱን የሚያረጋጋውንም ኪኒን እየዋጥኩ፣ ቀስ በቀስ ሱቄ መዋል ቻልኩ። ሐያት ግን ደረጃ ወጥቼ ምቴ በጨመረ ቁጥር ስትደውልብኝ ተማርሬ ሰዓቱን አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ቁጥሩ ቢጠፋባት በማግስቱ በአውቶቡስ መጣች። አልተቆጣችኝም፤ የሱቁ በር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሰዓቱን መልሼ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ከቁጥሩ በፊት «እማ፣ እንዴት ዋልሽ?» ትለኛለች፤ እኔም የሚሰማኝን አልደብቃትም።

እንደኔ ለታመማችሁ፦ ሰዓቱ ሐኪም አይደለም። ሲይዛችሁ ቁጥሩንና ምን እየሠራችሁ እንደነበር ጽፋችሁ ለሐኪም አሳዩ። አፍ ከተጣመመ ወይም እጅ ከዛለ ግን የስትሮክ ምልክት ነውና ሰዓቱ ምንም ቢል ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ደግሞ በቅርብ የምትጠሩት ሰው ይኑራችሁ። እኔን ከሩቅ ያየችኝ ልጄ ናት፤ ያነሱኝ ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ሁለቱንም አላህ ያቆይልኝ።