ዘይነባ የመለሰችው ማመልከቻ

መጀመሪያ የጮኸው ግራ ጆሮዬ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ መጨረሻ ሲሆን ደብረ ማርቆስ በመምህራን ማሠልጠኛ እማር ነበር። ለሳንባ ነቀርሳ በየቀኑ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ እወጋለሁ። ሳሉ ቆሞልኝ ሥጋ ማውጣት ጀምሬ ስለነበር ጩኸቱን ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም። ለሐኪሙም አልነገርሁትም። ሦስት ሳምንት ዝም አልሁ።

ከዚያ ምድር ከዳችኝ። ፊቴን ልታጠብ ዓይኔን ስጨፍን ወደቅሁ። ተነሣሁ። ደግሞ ወደቅሁ። በማግስቱ የመምህሩ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ድምፅ የለም።

ሐኪሙ መርፌውን ወዲያው አቁሞ በሚዋጥ ክኒን ተካው። ቢያናግረኝ አልሰማ ስለው በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ጻፈልኝ፦ «ሳንባህ እየዳነ ነው። የመስማት ነርቭህን የጎዳው መድኃኒቱ ነው። ሚዛንህ ይመለሳል። የጠፋው መስማት ግን ይመለሳል ብዬ አልዋሽህም።» ስላልዋሸኝ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

በዚያን ጊዜ ትምህርቱ ሁሉ በጆሮ ነው። መጽሐፍ ጥቂት ስለሆነ መምህሩ እያነበበ ያጽፈናል፤ የፈተና ጥያቄ እንኳ በቃል ይነገር ነበር። ዳይሬክተሩ አስጠርተውኝ፣ ወደ አገሬ ወደ ሮብ ገበያ ብመለስ እንደሚሻል ጻፉልኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። የማይሰማ ሰው እንዴት ያስተምራል የሚለው አስጨንቋቸው ነው። ማመልከቻ ካለኝ ግን እስከ ዓርብ እንዳቀርብ ፈቀዱ።

የቢሮው ጸሐፊ ዘይነባ ትባላለች፤ የአማኑኤል ከተማ ነጋዴ ልጅ ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። በታይፕ እንድትመታልኝ ማመልከቻዬን ሰጠኋት። «ከእግርዎ ሥር ወድቄ፣ የድሃ ገበሬ ልጅ ነኝና» እያለ ሁለት ገጽ ይሄዳል። አንብባ ሳትመታው መለሰችልኝ። ከግርጌው በእርሳስ ጽፋበታለች፦ «እንባህን አየሁት። የምትፈልገውን ግን አላየሁም። ቢያዝኑልህ ምን አድርጉልኝ ልትላቸው ነው?»

ተናደድሁ። ማመልከቻዬን ግን መልሼ አነበብሁት፤ እውነትም አንድም ጥያቄ የለበትም።

ወንበር ሳበችልኝና አብረን ጻፍን። ፊት ወንበር ላይ ልቀመጥ፤ የፈተና ጥያቄ በጽሑፍ ይሰጠኝ፤ የክፍል ማስታወሻ ከጓደኛዬ ልቅዳ። ግማሽ ገጽ አልሞላም። የሐኪሙን ወረቀት አያይዛ ራሷ አስገባችው። ዳይሬክተሩ «እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ይሞከር» ብለው ፈረሙ።

ዘይነባ ያገለገለ ካርቦን ወረቀት እየለቀመች ትሰጠኝ ጀመር፤ ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ እሱን ከሚጽፍበት ገጽ ሥር አድርጎ ሲጽፍ የእኔም ቅጂ አብሮ ይወጣ ነበር። በየጠዋቱ፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ ሐኪሙ እንዳዘዘኝ ግድግዳ እየተደገፍሁ፣ በኋላም ግድግዳውን እየለቀቅሁ መራመድ ተለማመድሁ፤ በሁለት ወሩ ዓይኔን ጨፍኜ ፊቴን ለመታጠብ በቃሁ። ቀኝ ጆሮዬ በቅርብ የሚነገረውን ጥቂት ጥቂት መያዝ ጀመረ፤ ግራው እንደደነቆረ ቀረ። ፈተናውን አለፍሁ። በልምምድ ማስተማር ጊዜም ተማሪዎቼ ጥያቄያቸውን ወጥተው ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉ አደረግሁ፤ ዳይሬክተሩ ከኋላ ቆመው እስከ መጨረሻው አዩኝ፣ ሲወጡም እጄን ጨበጡኝ።

አንተም ይህን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ ጆሮህ በጮኸ ዕለት ለሐኪምህ ንገር፤ እኔ የዘገየሁትን ሦስት ሳምንት አትዘግይ። ችግርህን የምታስረዳው ሰው ፊት ስትቀርብም የሚያስፈልግህን ለይተህ ያዝ። ማፈር አያስፈልግም።

ተመርቄ ስሰናበት ዘይነባን ላመሰግናት ገባሁ። ብዙ ልናገር አስቤ ነበር። እሷ ወረቀት ስባ ጻፈችልኝ፦ «ምስጋናውን ተወው። ለመጪው ዓመት አንድ ዓይነ ስውር ልጅ ከደብረ ወርቅ ተመዝግቧል። ለእሱ ምን ምን እንደሚያስፈልገው ና እንምከር።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።