ባለቤቴ ያረባቻቸው ትሎች

ባለቤቴ ትል ማርባት የጀመረችው ማሳችን የዘራንበትን እንኳን መመለስ ሲያቅተው ነው። በመዘዞ አካባቢ ያለችው መሬታችን ከዓመት ዓመት እየሳሳች፣ ገብሱ ገና ሳያሸት ቢጫ ይሆን ነበር። የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ጥቂት ቀያይ ትሎች በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ሰጠቻት። "ፍግና ገለባ አብያቸው፤ እነሱ የሚጥሉት አፈሩን ያድነዋል" አለቻት።

እኔ ሳቅሁ። እሷ ግን ከጋጣው አጠገብ የእንጨት ሳጥን አኑራ፣ ጠዋት ውሃ እየረጨች፣ ማታ ከብርዱ በገለባ እየሸፈነች አረባቻቸው።

ጥቅምት ላይ ሆዷን አመማት። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አስተኟት፤ እኔም አብሬያት ሰነበትሁ። አንድ ቀን ልብስ ላመጣላት ወደ ቤት ስመለስ ውርጩ ባቄላውን አጥቁሮት አገኘሁ። ሳጥኑን ገልጬ አፈሩን በጣቴ ቆፈርሁ። የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። አደራ ብዬ የሄድሁት ሰው ስላልነበረ የምወቅሰውም አጣሁ።

"ትሎቹስ?" አለችኝ፣ ገና አልጋዋ አጠገብ ሳልቀመጥ።

"ደህና ናቸው።"

"ውሃ ረጨህላቸው?"

"አዎ።"

ፊቷ ፈታ አለ። የዚያን ዕለት ምሳዋንም ቀመሰች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ በሽታው እንደማይድን ነግሮኝ ወደ ቤት አሰናበተን። ለእሷ ምንም አልተነፈስሁም። ቤት እንደገባን ደግፌ ወደ ጋጣው እንድወስዳት ጠየቀችኝ። ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ከደረቀው አፈር ውስጥ ከተተች።

"መሞታቸውን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ስለ እኔስ የነገሩህን እንዲሁ ደብቀኸኝ ነው?"

ገለባውን መልሼ ሳጥኑ ላይ ማልበስ ጀመርሁ። ያኔ ገባት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ "በል አንሣኝ" አለች። ዐቢይ ጾም ሳይገባ አረፈች።

ሰኔ ሲገባ፣ ሳትታመም በፊት ከትሎቹ ሳጥን ነፍታ በጆንያ ያስቀመጠችውን ብስባሽ ማሳው ላይ በትኜ ገብስ ዘራሁ። የበቃው ለግማሹ ብቻ ነበር። መስከረም ላይ ያ ግማሽ ጥቅጥቅ ብሎ ለመለመ፤ ሌላው እንደ ወትሮው ሳስቶ ቀረ።

ጎረቤቴ መጥቶ አየና፣ "ይኼን ነገር ለእኔም አሳየኝ" አለኝ።

ከማሳው ዳር ቆሜ ላስረዳው ሞከርሁ። ግን እሷ ፍጉን ከገለባው እንዴት እንደምትቀላቅል፣ ትሎቹን ከብስባሹ በምን እንደምትለይ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም ነበር።